የታለ 1,191 ብሩ?

«የታለ?» አለኝ ባለቤቴ።

ደረሰኙ ላይ በስቴፕለር የተያያዘችውን ቢጫ ወረቀት እያነበበ ነው። «ዛሬ ከእኛ ጋር 1,191 ብር አትርፈዋል፤ መልካም ገና!» ትላለች። ጽሑፉ የታተመ ነው፤ ቁጥሩ ብቻ በእስክሪብቶ ተሞልቷል። ገልብጦ ጀርባዋን አየ። ቀጥሎ ቦርሳዬን አየ። «እኮ፣ ያተረፍሽው 1,191 ብር የታለ?»

ቀልዱን ነው። እኔ ግን ንድድ አልኩ። የተናደድኩት መልስ ስላልነበረኝ ነው። ጠዋት ከቤት የወጣሁት ዘይትና ኦሞ ልገዛ ነበር፤ 2,000 ብር ይበቃኛል ብዬ። የተመለስኩት 5,299 ብር አውጥቼ፣ በባጃጅ፣ ብርድ ልብስ ታቅፌ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ ልብስ ታቅፎ መግባት ነውር የለውም። እኛ ቤት ግን ከዚህኛው በፊት አምስት ብርድ ልብስ አለ።

የምጽፈው ስለ አንድ የከተማችን ሱፐርማርኬት የገና ቅናሽ ነው። ስሙን አልጠራም። ደብረ ብርሃን ሰፋች፣ ፋብሪካ በፋብሪካ ሆነች ቢባልም ሰው አሁንም ይተዋወቃል። ካሸሯ ተማሪዬ ነበረች። የማናጀሩን ልጅ ዘንድሮ አሥረኛ ክፍል አስተምረዋለሁ። ደግሞም ቢጫ ወረቀት የለጠፈው እሱ ብቻ አይደለም፤ የገና ሰሞን ዋናውን አስፋልት ይዛችሁ ብትሄዱ ግማሹ ሱቅ ቢጫ ለብሷል። የማስተምረው ኢኮኖሚክስ መሆኑንም ልናገርና ልገላገለው። ባለቤቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን እያነሳ ሲስቅ ነው የከረመው።

አንድ ነገር ግን አለኝ፤ የወጪ ደብተር። የጀመርኩት ሐምሌ 2016 ነው። ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ተባለ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ያኔ ነው ዋጋ በጭንቅላቴ መያዝ ያቃተኝ። ድሮ የዘይት ዋጋ ስንት ነው ብትሉኝ ከእንቅልፌ ተነስቼ እመልስ ነበር። ከዚያ በኋላ አንዱ ሱቅ የሚለኝ ሌላ፣ ጎረቤት የምትለኝ ሌላ፣ እኔ የማስታውሰው ሌላ ሆነ። ስለዚህ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁና መጻፍ ጀመርኩ። ቀን፣ ዕቃ፣ ሱቅ፣ ዋጋ። ሌላ ነገር የለውም። ይህ ሁሉ ጉድ የወጣው ከዚያ ደብተር ነው።

የሄድኩት ገና ሳምንት ሲቀረው፣ ደመወዝ በገባ ማግስት ነው። ጠዋት ነበር፤ ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልለቀቀም። በሩ ላይ ሞንታርቦ ቆሟል። «እስከ ሃምሳ ፐርሰንት! እስከ ሃምሳ ፐርሰንት!» ይላል ልጁ። «እስከ»ን በጥርሱ መሀል ያሳልፋትና «ሃምሳ» ላይ ሲደርስ ይጎትታል። ከሞንታርቦው ሥር አንድ የመንዝ በግ ታስሯል፤ አንገቱ ላይ ቀይ ሪባን። ከ5,000 ብር በላይ የገዛ ሰው የዕጣ ኩፖን ይሰጠዋል፤ ዕጣ የወጣለት በጉን እየነዳ ይሄዳል። በጉ የብስኩት ካርቶን እያኘከ ነበር።

የሃምሳ ፐርሰንቱን ዕቃ ፈልጌ አገኘሁት። ነጠላ ጫማ ነው። የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ፣ በታኅሣሥ፣ በደብረ ብርሃን ብርድ። ያውም የቀረው 37 ቁጥር ብቻ ነው።

ወደ ዘይቱ እንሂድ። ባለ 5 ሊትር ነው። ቢጫው ወረቀት ላይ 1,690 በቀይ ተሰርዟል፤ ከሥሩ በትልቁ 1,499 ተጽፏል። ልብ ብላችሁ እዩት፤ የተሰረዘው ቁጥር ተሰርዞም ጥርት ብሎ ይነበባል። እንዲነበብ ነው የተሰረዘው። እኔም አነበብኩት፤ ቀነስኩ፤ 191 ብር! ደስ አለኝ፤ አነሳሁት። ማንም አልገፋፋኝም።

ካሸሯ ዘይቱን ስታነብበው ቀና ብላ አየችኝና ዝግ ባለ ድምፅ «ቲቸር፣ ባለፈው ዘይት ወስደው አልነበር?» አለችኝ።

«ቅናሽ ነው ብዬ ነዋ፣ ይቀመጣል» አልኳት።

ፈገግ አለች። ምንም አልጨመረችም። የዚያች ፈገግታ ትርጉም የገባኝ ማታ ነው፤ ደብተሬን ስከፍት። ኅዳር 29። ዘይት፣ 5 ሊትር። ያው ሱቅ፣ ያው ማርክ። 1,450።

እንግዲህ አስቡት። በቅናሹ የገዛሁት ያለ ቅናሹ ከገዛሁት በ49 ብር ይበልጣል። ልጅቷ እንጀራዋን ሳታጣ ልትነግረኝ የምትችለውን ያህል ነግራኛለች። እኔ ነኝ ያልሰማሁት።

በ1974 እ.ኤ.አ. ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ ያሳተሙት አንድ ሙከራ አለ። ክፍል ውስጥ ስነግራቸው ልጆቹ ሁሌ ይስቃሉ። ሰዎችን እያስቀመጡ ቁጥር የተጻፈበት የዕጣ ጎማ ያሽከረክሩላቸዋል። ጎማው 10 ወይም 65 ላይ ብቻ እንዲቆም ተደርጎ የተሠራ ነው። ከዚያ ይጠይቋቸዋል፤ ከተባበሩት መንግሥታት አባል አገሮች ውስጥ ከመቶ ስንቱ የአፍሪካ ናቸው? 10 የወጣላቸው ሰዎች መካከለኛ ግምት 25 ሆነ። 65 የወጣላቸው 45። ጎማ ስለ አፍሪካ ምን ያውቃል? ምንም። ግን አንድ ቁጥር ዓይናቸው ውስጥ ከገባ በኋላ የራሳቸውን ግምት ከዚያ ብዙም አላራቁትም። ልጆቹ «ፈረንጅ ቂል ነው» ይሉኛል። የእኔ ጎማ 1,690 ላይ ቆመ። ማንም ግን ጎማ አላሽከረከረልኝም፤ በቀይ እስክሪብቶ የተሰረዘ ወረቀት በቃኝ።

ብርድ ልብሱን ልንገራችሁ። ይሄኛው ነው የሚያሳፍረኝ። ከ3,200 ወደ 2,400 ይላል። ለስላሳ ነው፤ በእጄ ዳበስኩት፤ ጉንጬ ላይ አደረግኩት። ቡናማ ሆኖ ጠርዙ ላይ ክሬም መስመር አለው። አጠገቤ የቆመች አንዲት እናት «ልጄ፣ 800 ብር እኮ ነው የቀነሱት፤ ማን ይተወዋል» አለችኝ። የሱቁ ሰው አይደለችም፤ እንደኔው ደንበኛ ናት። ሁለታችንም ወሰድን። እስኪ አሁን፣ 3,200 የሚባል ዋጋ የት አየሁ? የትም። ብርድ ልብስ ያስፈልገኛል ብዬ ነበር? አላልኩም። 2,400 ብቻ ተጽፎበት ቢሆን ኖሮ ዳብሼው አልፈው ነበር። የገዛሁት ስምንት መቶዋን ነው፤ ብርድ ልብሱ አብሮ መጣ።

አሜሪካዊው ሪቻርድ ቴለር፣ በ2017 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመው፣ ይህን በ1985 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። ሰው ሲገዛ ሁለት ዓይነት ደስታ ያገኛል ይላል። አንዱ ዕቃው ራሱ ነው፤ ይሞቅሃል፣ ትበላዋለህ፣ ትለብሰዋለህ። ሁለተኛው ስምምነቱ ነው፤ «በርካሽ አገኘሁት» የሚለው ስሜት። ሁለተኛው ብቻውን ዕቃ ሊያስገዛ ይችላል። ሁላችንም ቤት ይህ ነገር አለ። ቁም ሣጥን ውስጥ ታጉን ሳይበጠስ የተቀመጠ፣ ማንም የማይለብሰው፣ ግን «ስንት ነበር፣ በስንት እንዳገኘሁት ታውቂያለሽ?» ተብሎ የሚወራለት ሸሚዝ።

በነገራችን ላይ ሰሞኑን ሌላ ሱቅ ገብቼ ያንኑ ብርድ ልብስ ጠየቅሁ። 2,350። ቅናሽ የለ፣ ሞንታርቦ የለ፣ በግ የለ።

ፓስታው ደግሞ ያስቃል። «ልዩ የገና ጥቅል፤ 3 ፓስታ በ270 ብር!» ሦስቱ በሪባን ታስረዋል። ጾም ነው፤ ፓስታ በየቤቱ ይበላል፤ ሰው እየጎተተ ይወስዳል። እኔም ወሰድኩ። ከጎኑ ባለው መደርደሪያ ያው ፓስታ አንድ አንድ እየሆነ ተደርድሯል። ዋጋው 90። 90 በሦስት ስንት ነው? አንድም ሰው ሲያባዛ አላየሁም፤ እኔን ጨምሮ። ቅናሽ ነው ብሎ የጻፈ የለም፤ «ልዩ» ነው ያለው። አልዋሹም። ሪባኑ ነው የዋሸው።

ኦሞው ላይ ሐሜት የለኝም። (እኛ ቤት የዱቄት ሳሙና ሁሉ ኦሞ ነው፤ ማርኩን አትጠይቁኝ።) ሁለት ለገዛ አንድ የገላ ሳሙና በነጻ፤ አንዱ 240 ብር። ደብተሬም ላይ 240 ነው ያለው። ሳሙናዋ ትክክለኛ ሳሙና ናት፤ ጊዜዋ አላለፈም፤ ሽታዋ ጥሩ ነው። የሚገዛውን ዕቃ በሚገዛበት ዋጋ፣ ሲደመር ሳሙና። ይሄ ቅናሽ ነው። አልጮኹለትም፤ ታች መደርደሪያ ላይ፣ ጉልበት አጥፎ በሚታይበት ቦታ ነው ያስቀመጡት።

እስካሁን ደመርኩ። 4,649። ኩፖኑ ደግሞ ከ5,000 በላይ ነው። 351 ብር ይጎድለኛል። በሩ ላይ በጉ «ባ» አለ። እውነቴን ነው፣ ያኔውኑ ነው ያለው።

ዞር ዞር ስል ብርጭቆ አየሁ። ስድስት ብርጭቆ ከነካርቶኑ፣ ከ850 ወደ 650። እንግዳ ሲመጣ ብርጭቆ አይበቃንም፤ ይህ እውነት ነው። ግን እውነቱን ያስታወሰኝ በጉ ነው። 351 ብር ለመሙላት 650 ከፈልኩ። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ «በሰው ቁጥር ብንካፈለው የበጉ ጆሮ አይደርስሽም» አለኝ። ሒሳቡ ትክክል ነው። ክፍል ውስጥ እኔ ራሴ ነኝ የማስተምረው፤ ዕጣው ስንት ሰው ጋ እንዳለ ሳታውቅ የዕጣውን ዋጋ አታውቅም። በጉን ግን ሪባን አድርጎ በር ላይ ስታየው ሒሳብ አይታይህም።

የከፈልኩት በቴሌብር ነው። ይህ የራሱ ጣጣ አለው። ጥሬ ብር ቢሆን ቦርሳዬ ውስጥ ያለው 2,000 ሲያልቅ እቆም ነበር። ባለ 200 ብር ኖት እየቆጠሩ 26 እና 27 ሲደርሱ እጅ ይንቀጠቀጣል። ስልክ ላይ ግን 5,299 ለመክፈልና 52 ለመክፈል ጣት የሚደክመው እኩል ነው። ምስጢር ቁጥር አስገባሁ፤ ቲን አለ፤ አለቀ።

ደግሞ ያቺ 99። 1,499 ለምን 1,500 አትሆንም? አንድ ብር ምን ትሠራለች? በጥሬ ገንዘብ ብትከፍሉ መልሷ ማስቲካ ናት፤ ሁላችንም ቤት መሳቢያ ውስጥ በመልስ የመጣ ማስቲካ አለ። ሥራዋ ሌላ ቦታ ነው። ከግራ ነው የምናነበው፤ «አንድ ሺህ አራት መቶ» ካልን በኋላ ቀሪው ጭራ ነው። ኤሪክ አንደርሰንና ዱንካን ሲሜስተር የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ይህን በልብስ ላይ አሳይቷል። በፖስታ ዕቃ የሚሸጥ የአሜሪካ ድርጅት አንዱን የሴት ልብስ ለተለያዩ ደንበኞች በ34፣ በ39 እና በ44 ዶላር አቀረበ። ብዙ የተሸጠው በ39ኙ ነው። ከ34ቱ ይልቅ! ርካሹ ተትቶ 9 ያለበት ተገዛ። እኛም ጋ ማስቲካ ጨምረው ይሰጡናል።

በሦስተኛው ቀን ደብተሬን ይዤ ተመለስኩ። ለጠብ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጌ ነው። ማናጀሩ ጨዋ ሰው ነው። ቢሮው አስገብቶ ሻይ አዘዘልኝ። ኅዳር 29ን አሳየሁት። አየው። ደብተሬን ገለጥ ገለጥ አደረገና «ቲቸር፣ ሁሉንም ነው እንዴ የሚጽፉት?» አለኝ።

«ሁሉንም።»

«እንግዲህ አልዋሽዎትም» አለ። «አዲሱ ጭነት ሲመጣ በ1,690 ነው የመዘገብነው። የዚያኑ ዕለት ቅናሽ ጀመርን።»

«ስለዚህ በ1,690 የገዛ ሰው የለም?»

ዝም አለ። ከዚያ አንድ ነገር አጫወተኝ፤ ስለሱ እስካሁን አስባለሁ። ለመስቀል ሰሞን ይኸንኑ ዘይት ያለ ምንም ወሬ፣ ከገበያው ዝቅ አድርጎ፣ ነጭ ወረቀት ላይ ዋጋውን ብቻ ጽፎ አቀረበ። ዘይቱ ቁጭ አለ። ከሳምንት በኋላ ያንኑ ዋጋ ቢጫ ወረቀት ላይ አደረገው፤ በላዩ ሌላ ቁጥር ጽፎ ሰረዘበት። በሁለት ቀን አለቀ። «ቲቸር፣ ሰው ዋጋ አያይም። ስርዝ ነው የሚያየው» አለኝ።

ልከራከረው አሰብኩና የአሜሪካኑ ጄሲ ፔኒ ትዝ አለኝ። ትልቅ የልብስና የቤት ዕቃ መደብር ነው፤ ሰዉ በኩፖንና በቅናሽ የለመደው። ሮን ጆንሰን የሚባል ሰው ከአፕል መጥቶ ሥራ አስኪያጅ ሆነ። በ2012 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ኩፖኑንም ስርዙንም አነሳ። ከፍ አድርጎ መለጠፍና ዝቅ ማድረግ ይቅር፤ ከመጀመሪያው እውነተኛውን ዋጋ እንጻፍ አለ። እንደ ሐቀኛ ሰው ብታዩት ትክክል ነው። በዚያ ዓመት ሽያጩ በሩብ ያህል ወደቀ፤ ከ17 ቢሊዮን ዶላር በላይ የነበረው ወደ 13 ቢሊዮን ወረደ። ሚያዝያ 2013 እ.ኤ.አ. ላይ ጆንሰን ተሸኘ። ቅናሾቹ ተመለሱ። ደንበኞቹ ያጡት ርካሽ ዋጋ አልነበረም፤ ያጡት ማሸነፉን ነው።

ማናጀሩን ግን እንዲሁ አልለቀቅኩትም። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከግንቦት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ ሕግ አለ። ቅናሽ ነው የሚል ነጋዴ ባለፉት 30 ቀናት የሸጠበትን ዝቅተኛ ዋጋ አብሮ ማሳየት አለበት። እኛም ጋ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲለጥፍ ያስገድዳል፤ አሳሳች ማስታወቂያም ይከለክላል። «በአውሮፓው ሕግ ቢሆን ዘይትዎ ላይ ‘ከ1,450 ወደ 1,499’ ብለው ነበር የሚለጥፉት» አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሻዩ ጥሩ ነበር።

ለማናጀሩ አንድ ነገር ልመስክርለት ግን። እዚህ አገር «ነገ ይጨምራል» የሚለው ከማንኛውም ቢጫ ወረቀት ይበልጣል፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ጎረቤቴ እትዬ በዚያ በሐምሌ 2016 ሰሞን ወሬውን እንደሰሙ ስድስት ዘይት አስጫኑ። እኔ «ኧረ እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ምን ሊሆን?» ብዬ ስቄባቸዋለሁ። እስከ ታኅሣሥ ድረስ በአሮጌው ዋጋ ሲጠብሱ ቆዩ። ሥላሴን፣ ስቄ አላውቅም ከዚያ ወዲህ። ስለዚህ የማይበላሽ፣ በየወሩ የሚገዛ ዕቃ በርካሽ ሲገኝ ማከማቸት ሞኝነት አይደለም። ችግሩ ርካሽ መሆኑን በምን እናውቃለን ነው። ዋጋ በየወሩ በሚንቀሳቀስበት አገር «ድሮ ስንት ነበር?» የሚለውን ሱቁ ራሱ ሲነግረን አሜን ብለን እንቀበላለን።

በማግሥቱ ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ፤ የገና ገበያ። ለሽሮ የሚሆን ባቄላ ፈልጌ ነው። ጋቢ የለበሱ አንዲት እናት ዘንድ ቆምኩ።

«እማማ፣ ስንት ነው ጣሳው?»

«120 ነው፣ ልጄ።»

«ኧረ እማማ! ባለፈው ቅዳሜ በ90 ነው የወሰድኩት።»

«የባለፈው ቅዳሜውን ከባለፈው ቅዳሜ ግዢዋ! ይሄን እይው እስቲ፣ ድንጋይ አለው? ገለባ አለው?» እፍኝ ሙሉ አንስተው እጄ ላይ ዘረገፉት። የለውም። ቀዝቃዛ፣ ከባድ፣ ለስላሳ ባቄላ ነው።

ሄድኩ፣ ተመለስኩ፤ 110 አሉ፣ 95 አልኩ፤ በ100 ተስማማን። ሦስት ጣሳ ሰፈሩልኝ። «ይመርቁልኝ እንጂ» አልኳቸው። «ዓመት ዓመት ያድርስሽ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ» እያሉ ሁለት እፍኝ ጨመሩበት። ሁለቱንም ዓይነት ምርቃት ተቀብዬ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ሰው ገበያው ሐቀኛ ነው፣ ሱፐርማርኬቱ አታላይ ነው እንድል ይጠብቃል። አልልም። እማማ 120 ያሉት እንደማወርዳቸው አውቀው ነው። ሃያ ብር አስቀነስኩ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ሳልርቅ ከኋላዬ አንዲት ልጅ በ95 ስትስማማ ሰማሁ።

ግን አንድ ልዩነት አለ፤ ያ ነው ለብዙ ቀን ሲከነክነኝ የቆየው። ከ120ው ጋር እኔ ራሴ ተከራክሬያለሁ። እግሬ ቆሟል፣ አፌ ደክሟል፣ ሄጄ ተመልሻለሁ። ከ1,690 ጋር ግን ማንም አልተከራከረም። ተሰርዞ ነው የጠበቀኝ። ክርክሩን እኔ በሌለሁበት ራሳቸው ጀምረው፣ ራሳቸው ጨርሰው፣ አሸንፈሻል ብለው ወረቀት ለጥፈውልኛል። እኔም አሸናፊ ሆኜ ከፈልኩ። እማማ ዘንድ ብሸነፍም የሚያሸንፈኝን ሰው ፊት አይቻለሁ።

እስኪ ስለ ሱቁም ልናገር። ንጹሕ ነው። ወለሉ ይወለወላል፤ ዕቃው በወግ ተደርድሯል። ጊዜው ያለፈ አንድም ነገር አላገኘሁም፤ ታሽጎ ከተቀመጠው ሁሉ ጀርባ ጀርባውን አይቻለሁ። ጊዜው ሦስት ሳምንት የቀረው ብስኩት በግማሽ ሊደርስ በሚጠጋ ዋጋ ለብቻው ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ ምክንያቱም ተጽፎበታል። ይህን ወድጄላቸዋለሁ፤ ለምን እንደቀነሰ የሚናገር ቅናሽ ይሄ ብቻ ነው። ሠራተኞቹ ትሑት ናቸው። ደረሰኝ ሳትጠይቁ ይሰጣችኋል። ቅርጫቶቹ ግን እጀታቸው ተሰባብሯል፤ ሰውን ወደ ጋሪው ለመግፋት ነው ብል ተንኮለኛ ትሉኛላችሁ። ጋሪ ደግሞ ግማሽ ሲሆን ባዶ ይመስላል። ዋጋ አለጣጠፋቸው ላይ ከአምስት ሁለት እሰጣለሁ፤ ሁለቱም ለሳሙናዋና ለብስኩቱ ናቸው። ብርጭቆውም እውነተኛ ቅናሽ ሆኖ ተገኝቷል፤ ሌላ ሱቅ 800 ነው። ቸኩዬ፣ በበግ ተነድቼ የገዛሁት ዕቃ ነው ርካሽ የሆነው። ይሄንንስ ምን ትሉታላችሁ?

በጉ ለእኔ አልወጣም። ለማን እንደወጣ አላየሁም፤ ዕጣው ሲወጣ ትምህርት ቤት ነበርኩ። ሪባኑ በማግሥቱ በሩ ላይ ወድቆ ነበር።

ቅናሹ እስከ ጥምቀት ይቆያል ብለዋል። ኦሞ የሚያስፈልጋችሁ ሂዱ፤ ታች መደርደሪያ፣ ከጫማ ቀለሙ ጎን። ብስኩቱንም ልጅ ያለው ቤት ይውሰድ፤ ቶሎ ይበላል። ፓስታ አንድ አንድ አድርጋችሁ ውሰዱ፤ ዋጋው ያው ነው፣ ሪባን መፍታት አይኖርባችሁም። የዘይቱ ኅዳር ላይ የነበረ ዋጋ 1,450 ነው፤ ማናጀሩን ብትጠይቁት አይክድም። ብርጭቆው አልቋል።